ከጨረር ሕክምና በኋላ ስለሚመጣ የአፍ መድረቅ

የራስና የአንገት ነቀርሳ በጨረር ሲታከም፣ ሕመምተኛው ከበሽታው ቢድንም እንኳ አፉ ደርቆ ሊቀር ይችላል። የዚህን ምክንያት በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

የሰው አፍ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያፈልቃል። ምራቅ እህልን ያለሰልሳል፣ ጣዕምን ያሳውቃል፣ ጥርስንም ከመበስበስ ይጠብቃል። ዋነኞቹ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ሲሆኑ፣ ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ይገኛሉ። ጨረሩ ወደ ነቀርሳው ሲሄድ እነዚህንም ያገኛቸዋል። ከጆሮ ሥር ያለው ዕጢ በአማካይ ከ26 ግሬይ በላይ ከተቀበለ፣ እንደ ቀድሞው ማፍለቁ ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ በቀድሞው ዘዴ ከታከሙት ከ100 ሰዎች 74ቱ ከዓመት በኋላም አፋቸው በመካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ደረጃ ደርቆ ሲገኝ፣ ዕጢውን በሚያተርፈው አዲስ ዘዴ ግን 38ቱ ብቻ ናቸው።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ መሣሪያውም የኮባልት ነበር። ከደሴ አጠገብ ካለችው ከገራዶ የሚነሣ ሕመምተኛም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ታክሞ ሲመለስ ቆሎው አልዋጥ ይለዋል፣ በርበሬው ያቃጥለዋል። ስለዚህ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ በቀጭን ወጥ የራሰ ፍትፍት መብላት፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ጥርስን መቦረሽ ይረዳዋል፤ ትምባሆና መጠጥ ግን ይጎዱታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕክምናው ሳይጀመር ጥርስን ማስመርመር ነው። ከጨረር በኋላ ጥርስ ማስነቀል የመንጋጋን አጥንት እስከ መግደል ሊያደርስ ይችላልና።