ከተመጋቢነት ወደ ጋባዥነት፦ የተመራቂ ጓደኞች የስንብት ማዕድ በደባርቅና በዳባት አካባቢ

በአማርኛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ያጠናቀቀ ሰው «ተመረቀ» ይባላል። ቃሉ ከቡራኬ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚመረቅ ካለ የሚመርቅ አለ፤ መራቂውም ዘወትር በዕድሜ ወይም በማዕርግ የሚበልጥ ነው። ይኸው ቃል በገበያ ሌላ ትርጉም ይዞ ይገኛል። ሸማች እህል ካሰፈረች በኋላ «መርቂልኝ» ስትል ከልኩ በላይ ጥቂት እንዲጨመርላት መጠየቋ ነው። ስለዚህ ምረቃ ሁለት ሐሳቦችን አጣምሮ ይዟል፤ አንደኛው የበላይ የሚሰጠው የቡራኬ ቃል ሲሆን ሁለተኛው ከሚገባው ልክ በላይ በፈቃድ የሚጨመር ስጦታ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ሥነ ሥርዓት የመጀመሪያውን ያሟላል። ፕሬዚዳንቱ ዲግሪውን ይሰጣል፤ ጋዋን የለበሰው ተማሪም ቆሞ ይቀበላል። ሁለተኛው ግን የሚገኘው በሌላ ስፍራ ነው። ተመራቂ ጓደኞች ከግቢ ወጥተው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ በከተማው ምግብ ቤት በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚያሳልፉት ምሽት በየትኛውም የትምህርት ካላንደር ላይ አይጻፍም፤ ሆኖም ከምረቃ ሰሞን ልማዶች መካከል ሥር የሰደደ ነው። ይህ ጽሑፍ ልማዱን በደባርቅና በዳባት አካባቢ መነሻነት ይመረምራል። ፍሬ ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ ማዕዱ የመጥገብ በዓል ሳይሆን ለዓመታት ሲመገብ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መጋበዝ የሚችል ሰው መሆኑን በእኩዮቹ ፊት የሚያሳይበት ሽግግር ነው፤ የዋጋ ንረት፣ የመውጫ ፈተናና የጸጥታ ችግር ሲነኩትም የሚጎዳው ይኸው ሽግግር ነው።

ሦስት ማዕዶች

የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በትምህርቱ ዘመን ማብቂያ ሦስት ዓይነት ማዕዶችን ያውቃል። የመጀመሪያው የግቢው ካፌ ነው። ምግቡ በሰልፍ፣ በካርድና በልክ ይታደላል። ለአንድ ተማሪ የተመደበው የቀን የምግብ በጀት 22 ብር የነበረ ሲሆን በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ደግሞ የምግቡና የመኝታው ወጪ በተማሪው ስም በዕዳ ይመዘገባል፤ ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየተቆረጠ ይመልሰዋል። ተማሪው የሚበላው ስጦታም ግዢም ያልሆነ፣ ከወዲሁ የተበደረው ምግብ ነው።

ሁለተኛው የቤተሰብ ድግስ ነው። ወላጆች በግ ያርዳሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ፣ ጎረቤትና ዘመድ ይጠራሉ፤ አዛውንቶችም ተነሥተው ይመርቃሉ። እዚህ ተመራቂው የክብር እንግዳ ነው። ደጋሹ ግን እርሱ አይደለም፤ ወላጆቹ ናቸው። ድግሱ የልጁን ያህል፣ አንዳንዴም ከልጁ ይበልጥ፣ የወላጆችን ድካም ፍሬ ለመንደሩ ያሳያል።

ሦስተኛው የጓደኞች ገበታ ነው። በዚህ ገበታ ታላቅም ታናሽም የለም፤ ካርድ የሚመታ ሠራተኛም፣ የሚመርቅ አዛውንትም የለም። ምግቡ የሚቀርበው በአንድ ትሪ ስለሆነ የግል ድርሻ አይለይም። ምርቃቱ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ ከጎን ወደ ጎን ይተላለፋል፤ መልኩም ጉርሻ ነው። ጉርሻ አጉራሹን ለአፍታ መጋቢ፣ ተቀባዩን ለአፍታ ልጅ ያደርጋል፤ ወዲያውም ተራው ይገለበጣል። ጀርመናዊው ሶሲዮሎጂስት ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ማዕድ ባሳተመው ጽሑፍ መብላት እጅግ ግለኛ ድርጊት መሆኑን፣ አንዱ የበላውን ሌላው ሊበላው እንደማይችል፣ ይሁንና ሰዎችን በአንድነት በማሰባሰብ ረገድ ከማዕድ የሚስተካከል አለመኖሩን አመልክቶ ነበር። ጉርሻ የዚህን ተቃርኖ አንድ ጫፍ ያለዝባል፤ ለራስ የተጠቀለለው ጉርሻ ወደ ሌላው አፍ ይሻገራልና።

የልማዱ ጥንተ መሠረት

የምግብ ቤቱ ገበታ አዲስ ቢመስልም ከበስተጀርባው የቆየ የተማሪ ማዕድ ታሪክ አለ። የጎንደር አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዋና ማዕከል ሆኖ ኖሯል። የቆሎ ተማሪው ከወላጆቹ ርቆ በጎጆ ይኖራል፤ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ያገኘውንም ከጎጆ ባልንጀሮቹ ጋር ይካፈላል። ልመናው እንደ ውርደት አይቆጠርም፤ የትምህርቱ አካል ነው። ትምህርቱን ሲፈጽም በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል፤ ከዚያም መምህር ሆኖ ሲተከል እርሱም በተራው ተማሪ የሚሰበስብና የሚያስተምር ይሆናል። ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት መሻገር በዚህ ሥርዓት የዕውቀት ፍጻሜ ምልክት ነው።

ዘመናዊው ትምህርትም በአካባቢው የራሱን ቅርጽ አበጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንንነት፣ የነርስነትና የአካባቢ ጤና ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቶ በገጠር የጤና ተቋማት ያሠለጥን ነበር። ሥልጠናው የተለያየ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች ከግቢ አውጥቶ ለአንድ ሥራ አቀናጅቷቸዋል። በቀድሞው የጎጆ ኑሮም ሆነ በዚህ ሥልጠና ትምህርት ብቻውን አልተሰጠም፤ አብሮ ከመኖር ጋር ተያይዞ ተሰጥቷል።

ደባርቅ እንደ ስፍራ

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዳባት በሁለቱ መካከል በዚያው መንገድ ላይ ትገኛለች። ደባርቅ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በመሆኗ ሆቴሎቿና ምግብ ቤቶቿ የተስፋፉት በከፊል ለተራራ ተጓዦች ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ «አራተኛው ትውልድ» ከሚባሉት አንዱ ሆኖ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን ከተማዋ ሌላ ዓይነት እንግዳ አገኘች።

የሁለቱ እንግዶች ወቅት ይለያያል። ለተራራ ጉዞ የሚመረጠው ዝናብ የሌለበት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። የምረቃ ሰሞን ደግሞ ካላንደሩ ካልተዛባ ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ተራራው በጉም በሚሸፈንበትና የውጭ አገር ጎብኚ በሚሳሳበት ወቅት። ስለዚህ ለጎብኚ የተሰናዳው አዳራሽ ለተመራቂ ክፍት የሚሆነው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ለትንሽ ከተማ ምግብ ቤቶች የተማሪ ማዕድ የክረምቱን የገበያ ክፍተት የመሙላት አቅም አለው።

የጓደኛሞቹ ስብጥርም ለገበታው ልዩ ክብደት ይሰጠዋል። ተማሪዎች ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመደቡት በአገር አቀፍ ደረጃ በመሆኑ በአንድ መኝታ ክፍል የተለያየ ክልል፣ ቋንቋና ሃይማኖት ያላቸው ወጣቶች ይገናኛሉ። ከምረቃ በኋላ እያንዳንዱ ወደ መጣበት ይመለሳል። በአገሪቱ ስፋትና በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት ብዙዎቹ ዳግም በአንድነት ላይገናኙ ይችላሉ። ማዕዱ የደስታም የስንብትም የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ምን ይታዘዛል?

ለውጭ ተመልካች የምግብ ምርጫ የፍላጎት ጉዳይ ይመስላል። በኢትዮጵያ ግን ገበታው ከመዘርጋቱ በፊት ሊፈቱ የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ጾም ነው። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ተጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። የምረቃ ሰሞን ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የመገጣጠም ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለተኛው ሥጋ ነው። በአገሪቱ ልማድ ክርስቲያኑ ከክርስቲያን፣ ሙስሊሙ ከሙስሊም እርድ ውጭ ሥጋ ስለማይበላ ጥብስ ወይም ክትፎ የታዘዘበት ገበታ ጓደኛሞችን ለሁለት ሊከፍል ይችላል።

ለሁለቱም ጥያቄዎች የሚበጀው መልስ አንድ ነው፤ በየዓይነቱ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ድንቹ በአንድ እንጀራ ላይ ሲቀርብ የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እጁን ወደ አንድ ትሪ መዘርጋት ይችላል። ተማሪዎቹ በካፌ የሰለቹትን ሽሮ ለበዓላቸው ማዘዛቸው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ምርጫው ግን ለአብሮነት ሲባል የሚደረግ የፈቃድ መሥዋዕትነት ነው፤ ምግቡ ያው ሆኖ ሳለ የታዘዘበት ምክንያት ይለያል። በካፌ ሽሮው የበጀት ውጤት ነበር፤ በምግብ ቤቱ የስምምነት ውጤት ነው።

ማን ይከፍላል?

በኢትዮጵያ የምግብ ቤት ሥነ ምግባር ሒሳብን በነፍስ ወከፍ ቆጥሮ መክፈል እንደ ንፉግነት ይታያል። የተለመደው አንዱ ጋባዥ ሆኖ ሁሉንም መሸፈኑ፣ ሌሎቹም «እኔ ልክፈል» እያሉ መሟገታቸው ነው። ገቢ በሌላቸው ተመራቂዎች ዘንድ ግን ይህ ስለማይቻል መዋጮ ይተካዋል። መዋጮ እያንዳንዱን በእኩል ድርሻ ጋባዥም ተጋባዥም ያደርጋል። የሽግግሩ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ በብድር ሲመገብ የኖረው ተማሪ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከኪሱ አውጥቶ ሌላውን ያበላል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። እኩል መዋጮ እኩል አቅምን ታሳቢ ያደርጋል። ከቤተሰቡ ገንዘብ የሚላክለትና የማይላክለት ተማሪ ለዓመታት በአንድ ዓይነት ካርድ በአንድ ካፌ ሲመገቡ ልዩነታቸው ብዙ አይታይም ነበር። እኩልነትን ለማክበር የተጠራው ማዕድ ልዩነቱን ገሃድ ሊያወጣው ይችላል። መክፈል ያልቻለው «አሞኛል» ወይም «ጉዳይ አለብኝ» ብሎ ቢቀር ቁጠባ አያደርግም፤ ከሽግግሩ ይጎድላል። መዋጮውን በአደባባይ ከመሰብሰብ ይልቅ ለአንድ የታመነ ጓደኛ በየግል መስጠት፣ ድርሻውም ሳይነገር በሌሎች እንዲሞላ ማድረግ ክብርን የሚጠብቅ ዘዴ ነው። በገበያው ቋንቋ ይህ ራሱ መመረቅ ነው፤ ከልክ በላይ መጨመር።

የመውጫ ፈተና ያመጣው ለውጥ

ፈረንሳዊው አርኖልድ ቫን ጌኔፕ እ.ኤ.አ. በ1909 የሽግግር ሥርዓቶችን መለየት፣ ደፍ ላይ መቆምና መቀላቀል በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ከፍሎ አስረድቷል። ቪክተር ተርነር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ሥራው በመካከለኛው ደረጃ ላይ ያሉ ሰዎች ማዕርግ አልባ የሆነ ጥልቅ አብሮነት እንደሚያድርባቸው ገልጿል። የተመራቂ ጓደኞች ገበታ የዚህ ደረጃ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ተማሪነታቸው አብቅቷል፣ ባለ ዲግሪነታቸው ግን አልታወጀም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ደፍ ሰፍቷል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ በአገር አቀፉ የመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታቸው ሆኗል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች ያለፉት 48,632፣ ማለትም 62.36 ከመቶ ናቸው። ይህ አማካይ በአንድ ገበታ ላይ ቢተረጎም ከ10 ጓደኛሞች 4ቱ ያህሉ ጋዋን አይለብሱም ማለት ነው።

በዚህም ምክንያት የማዕዱ ቀን ምርጫ ከባድ ትርጉም አግኝቷል። ከውጤት በፊት የሚደረግ ማዕድ ሁሉም እኩል ሳሉ የሚበላ ሲሆን ደስታው ግን በስጋት የተሸፈነ ነው። ከውጤት በኋላ የሚደረገው ማዕድ ያለፉትን ያስደስታል፤ ያላለፉትን ግን ወይ ያርቃል፣ ወይ ተጽናኝ አድርጎ ያስቀምጣል። ፈተናው የዕውቀት መለኪያ ቢሆንም በማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል፤ አብሮ የገባውን ቡድን አብሮ የመውጣት ዕድል ነፍጎታል። አብሮ የኖረ ሰው በውጤት ሳይለይ እንዲሰነባበት ለሚፈልጉ ጓደኛሞች የተሻለው ቀን ከፈተናው ማግስት እስከ ውጤቱ ዋዜማ ያለው ነው።

የጸጥታው ሁኔታም ሊዘነጋ አይገባም። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም የዩኒቨርሲቲዎችን ካላንደር አዛብቷል። ስብሰባውን ከምሽት ወደ ቀትር ማዛወር ወይም በግቢ ውስጥ ማድረግ ከችግሩ ጋር የመላመድ አንዱ መንገድ ነው። ለሴት ተማሪዎች የማታ ጉዞና የማደሪያ ሰዓት ገደብ ከግጭቱም በፊት እንቅፋት ስለነበሩ የቀን ማዕድ ለእነርሱ ይበልጥ አካታች ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

የተመራቂ ጓደኞች ማዕድ ከመዝናኛ ወጪነት ያለፈ ትርጉም አለው። ዲግሪው ዕውቀትን ያረጋግጣል፤ የቤተሰብ ድግስ የወላጆችን ልፋት ያከብራል፤ የጓደኞች ገበታ ደግሞ ተመራቂው ሌላውን ማብላት የሚችል አዋቂ መሆኑን በእኩዮቹ ምስክርነት ያጸናል። ዩኒቨርሲቲዎች ማዕዱን ራሳቸው ማዘጋጀት አይጠበቅባቸውም፤ ካዘጋጁት ዳግም ወደ ካፌነት ይለወጣል። ሆኖም የፈተናውን፣ የውጤቱንና የምረቃውን ቀናት ሲወስኑ በመካከላቸው ተማሪዎች በግቢ ቆይተው የሚሰነባበቱባቸውን ጥቂት ቀናት ቢተዉ ልማዱን ሊደግፉ ይችላሉ።

ለቀጣይ ጥናት በተለይ ሦስት ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መዋጮ ያልከፈሉ ተማሪዎች እንዴት ይስተናገዳሉ? በመውጫ ፈተናው ያላለፉት ከጓደኞቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ምን ይሆናል? የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ጓደኛሞች የምግብ ስምምነት ላይ የሚደርሱት በምን ዓይነት ውይይት ነው? መልሱን ለማግኘት ተመራማሪው ከመዝገብ ቤት ይልቅ በምረቃ ሰሞን በደባርቅና በዳባት ምግብ ቤቶች መቀመጥ ይጠበቅበታል።