ለጅቡቲ ባሕር የዳይቪንግ ዕቃ በኦንላይን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሻጩን እንመርምረው

 

ሰሞኑን ከሁርሶ አንድ ተከታታያችን በኢንቦክስ የላከው ጥያቄ ከለመድነው የስኳርና የደም ግፊት ጥያቄ ለየት ይላል። ከጓደኞቹ ጋር በባቡር ጅቡቲ ወርደው ዳይቪንግ ሊማሩ ነው። ቴሌግራም ላይ "ሙሉ የዳይቪንግ ዕቃ፣ ትንሽ ያገለገለ፣ በግማሽ ዋጋ" የሚል ማስታወቂያ አይተዋል። ሻጩ ቀብድ በቴሌብር ቀድሞ ይላክልኝ ብሏል። "ዶክተር፣ ብንገዛው ለጤናችን ችግር አለው ወይ?" ይላል።

አዎ፣ አለው። ያንን ዕቃ አትግዙት።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ጠላቂው ጀርባው ላይ የሚያዝለው ሲሊንደር ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር 200 ባር ገደማ ግፊት አለው። የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር ነው፣ አስቡት እንግዲህ። ያንን ግፊት ቀንሶ ሳንባችን በሚችለው መጠን አፋችን ላይ የሚያደርሰው ሬጉሌተር የሚባለው ዕቃ ነው። ውስጡ ጥቃቅን የጎማ ማሸጊያዎችና ስፕሪንጎች አሉ። ጎማው ከደረቀ ወይም ጨው ከበላው አየሩ ሳይቆም ይለቃል፣ አለዚያ ከአየር ጋር ውሃ ያስገባል። ለዚህ ነው አምራቾች በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ በሰለጠነ ባለሙያ እንዲፈተሽ የሚያዙት። በሁርሶ ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲጋገር የከረመ ጎማ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው። ፎቶ ላይ ግን አይታይም፣ ያብረቀርቃል።

ከሐኪም ዓይን ስታዩት ደግሞ ውሃ ውስጥ ዕቃው ሲበላሽ ሰው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ይተኮሳል። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ወለል ሁለት እጥፍ ነው። ስለዚህ እዚያ ሳንባችሁን የሞላው አየር ትንፋሽ ይዛችሁ ስትወጡ ሁለት እጥፍ ልሁን ይላል። ሳንባ እንደ ፊኛ አይለጠጥም፣ ይቀደዳል። አየሩ ደም ውስጥ ገብቶ አንጎል ከደረሰም እንደ ስትሮክ ይጥላል። በግማሽ ዋጋ የተገዛው ዕቃ ዋጋው ይሄ ነው።

ታዲያ የሚታመን ሻጭ በምን ይታወቃል?

እኔ ቀድሜ የማየው ስሙን ነው፤ የሱቁን ስም ሳይሆን አምራቹ የሚያውቀው ሻጭ መሆኑን። ስኩባፕሮ፣ ማሬስ፣ ክሬሲ፣ አኳ ላንግ የመሳሰሉት አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ ሕጋዊ ወኪሎቻቸውን ይዘረዝራሉ። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ስላለ ብቻ አትመኑ፤ ከአምራቹ ገጽ ተነስታችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ። በተቃራኒው አትሂዱ፣ የሐሰት ገጽ መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ዕቃው እውነተኛ ሆኖ እንኳ ወኪል ካልሆነ ሰው ከተገዛ አምራቹ ዋስትናውን ላይቀበል ይችላል። አማዞንና አሊኤክስፕረስ ላይም ቢሆን ገጹ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትዘናጉ፣ "የሚሸጠው ማን ነው?" የሚለውን መስመር አንብቡ። እነዚህ ገጾች እንደ ከፊራ ገበያ ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሻጭ ነው ያለው፣ አንዱ ጥሩ ስለሆነ ሌላውም ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ጠይቁት። የሬጉሌተሩ ሲሪያል ቁጥር ስንት ነው? ያገለገለ ከሆነ መጨረሻ የተፈተሸበት ወረቀት የታለ? አውሮፓ ውስጥ ለሚሸጥ ሬጉሌተር ኢኤን 250 የሚባል የጥራት ደረጃ አለ፣ ዕቃው ላይ ተጽፏል ወይ? ካልሆነኝ የምመልሰው በስንት ቀን ነው፣ የመላኪያውን የሚከፍለውስ ማነው? ጥሩ ሻጭ እነዚህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። "ወንድሜ አትጠራጠር፣ ሌላ ሰው እየጠበቀው ነው፣ ቶሎ ወስን" የሚል ከሆነ ስልኩን ዝጉት። አድራሻ የሌለው፣ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ገንዘቡን በግለሰብ አካውንት ቀድማችሁ ላኩ የሚልም ያው ነው። ዱባይ ወይም ጅቡቲ ያለ ዘመድ ከሱቅ እንዲያመጣላችሁ ብታደርጉ ይሻላል፤ ቢያንስ ደረሰኝ ይኖረዋል፣ የሚጠየቅ ሰውም አለ።

እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ምልክት ደግሞ አለ፦ ጥሩ ሻጭ "ይሄን አትግዛ" ይላል። ሰርተፍኬት ለሌለው ጀማሪ ሙሉ ሬጉሌተርና ሲሊንደር ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው ስለ እናንተ እያሰበ አይደለም። ሲሊንደርማ በኦንላይን መግዛት ከንቱ ወጪ ነው። በየጊዜው በውሃ ግፊት መፈተን አለበት፣ በብዙ አገር በየ5 ዓመቱ። ንጹሕ አየር የሚሞላ ኮምፕሬሰርም ይፈልጋል፤ መሙያው የሞተር ጭስ ከሳበ የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ሳንባችሁ ይገባል። ሲሊንደርና ሬጉሌተር እዚያው ከሚያስተምራችሁ የዳይቪንግ ማዕከል ተከራዩ።

የራሳችሁ ቢሆን ጥሩ የሚሆነው ማስክ ነው፣ የፊት ቅርጽ ስለሚለያይ። አፍንጫን የሚሸፍን፣ መስታወቱ ቴምፐርድ የሆነ ይሁን። የመዋኛ ገንዳ መነጽር ይዛችሁ እንዳትጠልቁ! አፍንጫ ስለማይሸፍን ውስጡ ያለውን ግፊት ማስተካከል አትችሉም፣ የዓይናችሁ የደም ሥሮች ይፈነዳሉ። ፊት ሙሉ የሚሸፍነው የስኖርክል ማስክ ደግሞ ርካሹ ኮፒ ከሆነ የተነፈሳችሁት የተቃጠለ አየር ውስጡ ይቀራል፣ ራስ ያዞራል። እኔ አልመክረውም። ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትሄዱት ከኅዳር እስከ ጥር አርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ የሚመጣውን ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ ለማየት ነው። እሱ የሚታየው ከላይ እየተንሳፈፉ ስለሆነ ማስክ፣ ስኖርክልና የእግር መቅዘፊያ ይበቃል።

አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ታምቡር መቀደድ ያለባችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁም ከዕቃ በፊት ሐኪም አናግሩ። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነም አትጥለቁ፣ ጆሮ ይጎዳል።

አሁን ማንም ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። በሲሊንደር ስትጠልቁ ናይትሮጅን ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣችሁ ልክ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ድርጅት ለአውሮፕላን ጉዞ ያወጣው ምክር አንድ ጊዜ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ወይም ለብዙ ቀን ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ ይላል። "እኛ በባቡር ነን" ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። የአውሮፕላኑ ምክር ደግሞ ከ600 ሜትር ጀምሮ ያለውን ከፍታ ታሳቢ ያደረገ ነው። በባቡርም ሆነ በመኪና፣ ለሰውነታችሁ ከፍታ ከፍታ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠልቆ ማታ ሁርሶ መግባት የለም፤ ጅቡቲ አንድ ሌሊት ጨምሩ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ መገጣጠሚያ ቢያማችሁ፣ እጅ እግር ቢደነዝዝ፣ ራስ ቢያዞር ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። ድሬዳዋ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በቺኩንጉንያ ስንት ሰው እንደተኛ ታስታውሳላችሁ። እዚህ አገር መገጣጠሚያ አመመኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በእሱና በዴንጊ ነው። ሐኪሙ ደም ለምርመራ ከማዘዙ በፊት "ከጅቡቲ ነው የመጣሁት፣ ትናንት በዚህ ሰዓት ጠልቄ ነበር" በሉት። የመጀመሪያው ሕክምና ኦክስጅን ነው፣ በማስክ፣ ወዲያውኑ።