መሳቢያው ለምን አልዘጋ አለ?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ ምናልባት "ይሄ ደግሞ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?" ያሰኛችሁ ይሆናል። የምናወራው ስለ መሳቢያ ነው። አዎ፣ ደብተር፣ ልብስ ወይም ማንኪያና ሹካ ስለምናስቀምጥበት መሳቢያ። በተለይም ከፊት ለፊት ስለምትታየውና እጀታ ስለሚገጠምባት ጣውላ። አናጢዎች "ፊት" ይሏታል።

እኔ አናጢ አይደለሁም። የተመረቅሁት በሶሲዮሎጂ ነው፤ ሥራዬም የማህበራዊ ሠራተኝነት ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከወጣት ማህበራት ጋር ስለምሠራ ግን እንጨት ሥራ ቤት ሳልገባ የምውልበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ እዚያ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የማካፍላችሁ።

ለምን ይሄን መረጥሁ? የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልላችን ግጭት ተቀስቅሶ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። ትምህርታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ግን በእጅ የሚሠራ ሙያ ማወቅ ለማንም አይጎዳም። ሙያ ደግሞ የሚለካው በጥቃቅን ነገር ነው። በአንድ ቁም ሳጥን ወይም ኮመዲኖ ላይ ከጥቃቅኑ ሁሉ ቀድሞ ደንበኛው ዓይን ውስጥ የሚገባው የመሳቢያው ፊት ነው።

ሦስት ወጣቶችና አንድ ኮመዲኖ

በአንዲት የመንዝ ከተማ ሦስት ወጣቶች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ተደራጅተው የእንጨት ሥራ ጀመሩ። አንድ ሊያገባ ያሰበ መምህር ባለ ሦስት መሳቢያ ኮመዲኖ አዘዛቸው። ግማሹን በቅድሚያ ከፈለ፤ ቀሪውን "ዕቃው ቤቴ ገብቶ ሳየው" አለ። ልጆቹ ዕቃውን በበጋ ሠርተው አስረከቡ። መምህሩ ግን ደመወዝ እስኪደርስ ትንሽ ታገሱኝ አለ። ሐምሌ ገባና ዝናቡ ጠና። ገንዘቡን ሊቀበሉ ሲሄዱ መምህሩ መሳቢያውን እየጎተተ አሳያቸው። አይከፈትም። በስንት ትግል የተከፈተው ደግሞ መልሶ አልዘጋ አለ። "እንዲህ ላለ ዕቃ ቀሪ አልከፍልም!" አላቸው።

ያ ቀሪ ገንዘብ የሥራ ቤታቸው የሁለት ወር ኪራይ ነበር። የልጅቷ አባት ደግሞ መጀመሪያውኑ ሥራዋን አልወደዱትም። "ጠራቢነት ለሴት ልጅ ምን ይሠራል? ይኸው ገንዘባችሁንም በላችሁ፤ ተይው በቃ" አሏት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበልና ችግሩ ከምን እንደመጣ እንይ።

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ይንቀሳቀሳል

እንጨት አየሩ ውስጥ ያለውን ርጥበት ይቀበላል፣ ይሰጣልም። ርጥበት ሲቀበል ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ልብ በሉ፤ የሚያብጠው በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ ነው። በርዝመቱ በኩል ያለው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በበጋና በክረምት መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሊለዋወጥ ይችላል። የመሳቢያ ፊት ጣውላው አግድም ስለሚሠራ ያ ስፋት የፊቱ ቁመት ይሆናል ማለት ነው። ፊቱ ወደ ላይና ወደ ታች ያብጣል፤ ከላይና ከታች ካለው ጋር ይጋጫል።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። መሐል ሜዳ ከባህር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በክረምት ጉሙ፣ ዝናቡና ቅዝቃዜው እንዴት እንደሆነ ለመንዝ ልጅ አይነገረውም። በበጋ ግን ነፋሱና ፀሐዩ ሁሉን ያደርቃል። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ዝቅ ብላ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ቆላ ነው። ቆላ ላይ የደረቀ እንጨት ደጋ ወጥቶ ክረምት ሲያገኘው ማበጡ አይቀርም።

የእንጨቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ዋንዛ ሲላግ የሚገዛ፣ ብዙም የማይጣመም እንጨት ነው። ነገር ግን አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ ያስጠይቃል፤ ከመንዝ ከፍታ ላይም ዋንዛ አይበቅልም። ደጋው ላይ በብዛት የሚገኘው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባህር ዛፍ ነው። ነጭ ባህር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፤ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ስለዚህ ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶለት፣ ጥላ ሥር ለወራት መድረቅ አለበት። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ እንዲህ አይንቀሳቀሱም፤ ግን ጠርዛቸው ውሃ ካገኘ ያብጡና አይመለሱም።

ፊቱ ለምን ለብቻው ይሠራል?

መሳቢያ ሁለት ነገር ነው ብላችሁ አስቡት። አንደኛው ዕቃ የሚይዘው ሳጥን ነው። ሁለተኛው ከሳጥኑ ፊት ለፊት ላይ የሚገጠመው ፊት ነው። ሁለቱ ተለያይተው ከተሠሩ ሳጥኑ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢያደላ እንኳ ፊቱን በማንቀሳቀስ ማስተካከል ይቻላል። ሁሉንም አንድ ላይ የሠራ ሰው ግን የ2 ሚሊ ሜትር ስህተት ሙሉ መሳቢያውን ያስፈርሰዋል።

የፊት አገጣጠም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ፊቱ ከዕቃው አካል ውስጥ ገብቶ ከጠርዙ ጋር እኩል የሚሆንበት ነው። ያምራል፤ ግን ክፍተቱ በአራቱም በኩል ስለሚታይ ምሕረት የለውም። ሁለተኛው ፊቱ ከአካሉ ጠርዝ ላይ የሚያርፍበት ነው። ለጀማሪ ይሄኛው ይሻላል።

ልኩን እንዴት እናውጣ? የሒሳብ ትምህርታችሁ እዚህ ይጠቅማችኋል። ላይ የሚያርፍ ፊት ከሆነና የኮመዲኖው ፊት ለፊት ቁመት 600 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሦስት ፊቶች በመካከላቸው ሁለት ክፍተት ይኖራቸዋል። እያንዳንዱ ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። 600 ሲቀነስ 6፣ 594 ይሆናል፤ ለሦስት ሲካፈል 198። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊት 198 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ 400 በ150 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀዳዳ በጎንና በጎን 2፣ ከታች 2፣ ከላይ 3 ብንተው፣ ፊቱ 396 በ145 ይሆናል። በደረቅ ወራት የምትሠሩ ከሆነ ክፍተቱን አታጥብቡ፤ ክረምት ይመጣልና!

አገጣጠሙ ደረጃ በደረጃ

በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ስኳድራ፣ ካቻቪቴ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ኮላ፣ ቪቲ የሚሉት የሥራ ቤት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን የእኛው ሆነዋል።

አንደኛ፦ ዕቃውን የተስተካከለ ወለል ላይ አቁሙ። ወለሉ ከተዛባ አካሉ ይጠማዘዝና ያስተካከላችሁት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ትክክል ነው።

ሁለተኛ፦ ፊቱ ሳይገጠም ሳጥኖቹ ያለ ችግር ገብተው መውጣታቸውን አረጋግጡ። የሚነክስ ሳጥን በፊት አይሸፈንም።

ሦስተኛ፦ ከሳጥኑ የውስጥ በኩል አራት ቀዳዳ ብሱ። ቪቲው 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳው ከ5 እስከ 6 ይሁን። በቪቲው ራስ ሥር ሮንዴላ ይግባ። ይህቺ ትርፍ ቦታ ናት በኋላ ፊቱን እንድታንቀሳቅሱ የምትፈቅድላችሁ። የሳጥኑ ጣውላ 15፣ የፊቱ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ30 የሚበልጥ ቪቲ አትጠቀሙ፤ አለዚያ ጫፉ በፊት በኩል ብቅ ይላል።

አራተኛ፦ ከታችኛው መሳቢያ ጀምሩ። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት የካርቶን ቁራጮች ከፊቱ ሥር አስደግፉ። ፊቱን በቦታው ለማቆየት በሁለት በኩል የሚለጥፍ ፕላስተር ይበቃል። ፕላስተር ከሌለ የእጀታውን ቀዳዳ አስቀድማችሁ ፊቱ ላይ ብሱና በዚያ በኩል ቪቲ ወደ ሳጥኑ አስገቡ። ቪቲው ጊዜያዊ ነው፤ የት እንደሚወጣ እነግራችኋለሁ።

አምስተኛ፦ መሳቢያውን ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ በሞርሳ ያዙት። ከውስጥ በኩል በአራቱ ቀዳዳዎች በቀጭን ፑንታ ፊቱን ጥቂት ብሱ፤ ባህር ዛፍ እንዲህ ካልተደረገለት ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ሁለት ቪቲ ብቻ አስገቡ፤ ጨርሳችሁ አታጥብቁ።

ስድስተኛ፦ መሳቢያውን ዝጉና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዳችሁ እዩ። ክፍተቱ ከግራ እስከ ቀኝ እኩል ነው? ካልሆነ ጊዜያዊውን ቪቲ አውጡ ወይም ፕላስተሩን አላቁ፤ የውስጦቹን ላላ አድርጋችሁ ፊቱን በእጅ ገፋ አድርጉ። ሲስተካከል አጥብቁና የቀሩትን ሁለት ቪቲዎች ጨምሩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው መሳቢያ እለፉ፤ ካርቶኑ አሁን በሁለቱ ፊቶች መካከል ይገባል።

ሰባተኛ፦ ጊዜያዊ ቪቲ ካለ አውጡት። በዚያው ቀዳዳ ሳጥኑን አሳልፋችሁ ብሱና እጀታውን ግጠሙ። በመጨረሻም ፊቱን ፈታችሁ በሁለቱም በኩል ቫርኒሽ ቀቡት። የሚታየው ጎን ብቻ ከተቀባ ጀርባው ርጥበት እየሳበ ጣውላው ይቆለመማል።

በኮላ ማጣበቅስ? አትቸኩሉ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባል የለ! በቪቲ የተያዘ ይፈታል፤ በኮላ የተጣበቀ ግን አይፈታም።

የኮመዲኖው ነገር

ወደ ሦስቱ ወጣቶች እንመለስ። አንድ በዕድሜ የገፉ አናጢ ዘንድ ሄደው አማከሩ። እኔም አብሬያቸው ነበርሁ። ሽማግሌው ከመምህሩ ቤት ደርሰው መሳቢያውን ሳይጎትቱ ቁጭ ብለው ክፍተቱን ተመለከቱ። ከዚያ አንድ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው በሁለቱ ፊቶች መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባም።

"አየሽ ልጄ፣ ሳጥኑ ደህና ነው። ፊቱ ነው መተንፈሻ ያጣው" አሏት ልጅቷን።

"ታዲያ ጋሼ፣ ሙሉውን እንሥራው እንዴ?" አለች።

"ለምን ሲባል? ፍቺው፣ ላጊው፣ መልሺው።"

ሁለቱ ፊቶች በቪቲ ብቻ ስለተያዙ ወዲያው ተፈቱ። ሦስተኛው ግን በኮላም ጭምር ተጣብቆ ስለነበር ሲላቀቅ ተሰነጠቀ፤ በሌላ ጣውላ ተተካ። ሁለቱን ልጅቷ በመላጊያ ላገቻቸው። በካርቶን ክፍተቱን ጠብቀው መልሰው ገጠሙ። መምህሩ ሦስቱንም ከፍቶ ዘግቶ ሞከረና ቀሪውን ከፈለ። ክረምቱ አልፎ በጋ ሲመጣ ክፍተቱ ትንሽ እንደሚሰፋም ሽማግሌው አስቀድመው ነገሩት። ይህም ሙያ ነው፤ ደንበኛ እንዳይደናገጥ አስቀድሞ መንገር።

ኪራዩ ተከፈለ። የልጅቷ አባት ሐሳባቸውን ወዲያው ለወጡ ብዬ አልዋሻችሁም። እሷ ግን ሥራዋን አልተወችም።

ሙያና ስድብ

በማህበረሰባችን "ጠራቢ"፣ "ቀጥቃጭ"፣ "ሸማኔ" የሚሉት ቃላት የሙያ ስም መሆናቸው ቀርቶ ለረጅም ዘመን ስድብ ሆነው ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። አመለካከት በአዋጅ ብቻ እንደማይለወጥ ከዚህ እንረዳለን። የመንዝ ባናና ዝተት የሚሞቀን፣ የቤተክርስቲያን በር ተዘግቶ የሚከፈተው በእነዚሁ "በሚሰደቡት" እጆች አይደለም እንዴ? ሴት ልጅ መላጊያ ስትይዝ የሚስቅባትም ሰው ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ማን እንደሠራው አይጠይቅም፤ መከፈቱን ብቻ ነው የሚያየው።

እስቲ እናንተም ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ መሳቢያ ፈትሹ። ወረቀት በክፍተቱ ውስጥ ዳር እስከ ዳር ያልፋል? ከላይና ከታች እኩል ነው? ፊቱ በቪቲ ነው ወይስ በኮላ የተያዘው? የሚነክስ ካገኛችሁ ለመላግ አትጣደፉ፤ መጀመሪያ የውስጡን ቪቲዎች አላሉና ፊቱን ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ካቻቪቴ ብቻ ይበቃል። በሰፈራችሁ እንጨት ሥራ ቤት ካለም በእረፍት ቀን ጎራ በሉና ጠይቁ፤ የሚጠይቅ ልጅ የሚያባርር አናጢ እስካሁን አላጋጠመኝም።