ተጨማሪ መረጃ፦ ዋንዛና ሠዓሊው

ቦራጂናሲ በሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ትልቅ ዛፍም ትንሽ አረምም አለ። ከዳባትና ከደባርቅ ብርድ ወረድ ብሎ፣ ከሊማሊሞ በታች ወደ አዲአርቃይ በሚወስደው ቆላማ አገር ትልቁ ዛፍ፣ ዋንዛ፣ ይበቅላል። ነጭ አበባው የተጨማደደ ስስ ወረቀት ይመስላል፤ ቢጫ ፍሬው ጣፋጭና የሚያጣብቅ ነው። ከግንዱም ከበሮ ይሠራል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ፣ የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ የአገሩን ዕፅዋት በቀለም ሣለ፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የዋንዛ ሥዕል ቢወጣም የባሉጋኒ ድርሻ በወጉ አልተነገረለትም። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

በደጋው ደግሞ የዋንዛ ዘመድ የሆኑ፣ ሳይኖግሎሰም የሚባሉ ሰማያዊ አበቦች በየመንገዱ ዳር ይታያሉ። የአበባው ዘንግ ጫፉ ተጠቅልሎ ይወጣና አበቦቹ በተራ ሲፈኩ ይዘረጋል። እያንዳንዱ አበባ እስከ 4 ትናንሽ ፍሬዎች ይሰጣል፤ በላያቸው ያሉት መንጠቆዎች ከበግ ጠጉርና ከጋቢ ጋር ተጣብቀው ዘሩን ያዛምታሉ።

ከመስክ ስትመለሱ ልብሳችሁ ላይ የተጣበቀውን ፍሬ በማጉያ መነጽር ተመልከቱና ሣሉት።