የካሳ ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት የቀድሞ ወታደር ምን ማድረግ ይችላል?

በአሜሪካ ጦር አገልግለው የተሰናበቱ ሰዎች፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ በአገልግሎታቸው ምክንያት ለመጣባቸው ሕመም ከአገሪቱ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወርኃዊ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ፡፡ ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ‹‹መታመሜን አላመኑኝም›› ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ አለ፡፡ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚያከራክረው ሕመሙ ሳይሆን ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፡፡

ካሳ ለማግኘት በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን ያጋጠመ ጉዳት ወይም ሁኔታ፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያያይዝ ማስረጃ ያስፈልጋል፡፡ አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው፡፡ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ወፍራም የሕክምና ፋይል ቢያቀርብም፣ ችግሩ ከምን እንደመጣ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ከሌለው ሊሸነፍ ይችላል፡፡ ሐኪሙ ‹‹ሊሆን ይችላል›› ብሎ መጻፉ አይበቃም፡፡ እርግጠኛ እንዲሆንም አይጠየቅም፡፡ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ መሆኑን ከነምክንያቱ መግለጽ አለበት፡፡ ማስረጃው እኩል ሲመዝን ሕጉ ለወታደሩ ያደላል፡፡

ለአንዳንድ ሕመሞች ግንኙነቱን የሚገምተው ሕጉ ራሱ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 የወጣው ‹‹ፓክት አክት›› በኢራቅና በአፍጋኒስታን ከነበረው የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ ጋር የተያያዙ ከ20 በላይ ሕመሞችን በዚህ ዝርዝር አካቷል፡፡ ቀደም ሲል የተከለከለ ሰው በዚሁ መሠረት እንደገና መጠየቅ ይችላል፡፡

ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሥርዓት ሦስት መንገዶች አሉት፡፡ አዲስና ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ማስረጃ ያለው ሰው ተጨማሪ ማመልከቻ ያስገባል፡፡ ማስረጃው በፋይሉ ውስጥ እያለ ታልፏል የሚል ደግሞ ጉዳዩን ከፍ ያለ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቃል፤ በዚህ መንገድ ግን አዲስ ወረቀት አይቀበሉም፡፡ የሐኪም ደብዳቤ የጎደለው ሰው ይህንን መምረጡ ጊዜ ማባከን ነው፡፡ ሦስተኛው ለይግባኝ ቦርድ ማመልከት ሲሆን፣ በዳኛ ፊት ቀርቦ መናገርም ይቻላል፡፡

በውሳኔው ደብዳቤ ላይ ያለውን ቀን መመልከት ያስፈልጋል፡፡ በአንድ ዓመት ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው ካሸነፈ ውዝፉ በአብዛኛው መጀመሪያ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል፡፡ ከዓመቱ በኋላ አዲስ ማስረጃ ይዞ መምጣት ባይከለከልም፣ ያለፉት ወራት ገንዘብ እንደዋዛ ይቀራል፡፡

ዕውቅና ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ይረዳሉ፡፡ ጠበቃ ማስከፈል የሚችለው ግን ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ ነው፤ ማመልከቻውን ለመሙላት ብቻ ክፍያ ከሚጠይቅ ሰው መራቅ ይገባል፡፡ ቦርዱም ካልተቀበለ በ120 ቀናት ውስጥ ለቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል፡፡