የግንድ ችቦ በሞተር መጋዝ ሲዘጋጅ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በስዊድንና በፊንላንድ ከቤት ውጭ በብርድ የሚቆዩ ሰዎች የሚገለገሉበት የግንድ ችቦ፣ ቆሞ ከላይ ወደ ታች የሚነድ አንድ ጉማጅ ግንድ ነው። እንደ ጭራሮ ችቦ በእጅ አይያዝም፤ መሬት ላይ ይቆማል። ከአናቱ በመስቀል ቅርጽ የሚሰነጠቁት መስመሮች አየር ስለሚያስገቡ እሳቱ ከመሐል ይነዳል። ጠፍጣፋው አናትም ድስት ይሸከማል።

ለዚህ ሥራ በደንብ የደረቀ የፓይን ወይም የስፕሩስ ግንድ ይመረጣል፤ እርጥብ እንጨት ጭስ ከማብዛት አልፎ ይጠፋል። ርዝመቱ ከ50 እስከ 70 ሳ.ሜ.፣ ውፍረቱ ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ. ቢሆን ይበቃል። ሁለቱም ጫፎች ቀጥ ብለው መቆረጥ አለባቸው።

ከባዱ አደጋ ያለው በስንጠቃው ላይ ነው። የቆመ ጉማጅ በቀላሉ ስለሚወድቅ ከጠንካራ ጉቶ ጋር በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ መታሰር ይኖርበታል፤ ቀበቶው መጋዙ ከሚደርስበት በታች ይሁን። ሌላ ሰው በእጁ ወይም በእግሩ ደግፎ እንዲይዝ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት የአፍንጫው የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ሠራተኛው ይፈናጠራል፤ ለማምለጥ ጊዜ አይሰጥም። ስለሆነም ብረቱ ከግንዱ ውፍረት የሚረዝም፣ አፍንጫውም በወዲያኛው በኩል የወጣ ሊሆን ይገባል። መጋዙ በሁለት እጅ ይያዛል፤ ሠራተኛው ከብረቱ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። የራስ ቁር፣ የፊትና የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ ሰንሰለት የሚያቆም ሱሪና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋሉ።

ሁለት ወይም ሦስት መስመሮች በመሐል እንዲገናኙ ተደርገው ይሰነጠቃሉ። ከሥር ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ሳይነካ ይቀራል፤ ያለዚያ ግንዱ ይበታተናል። በእንጨቱ ርዝመት አቅጣጫ ሲቆረጥ የሚወጣው ረጅም ፍቅፋቂ የመጋዙን ሽፋን ስለሚደፍን፣ ሞተሩን አጥፍቶ መጥረግ ጊዜ ይቆጥባል። ብዙ ችቦ ለሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ግንዶቹን አስቀድሞ ቆርጦ መደርደርና ሰንሰለቱን መሳል ሥራውን ያቀላጥፋል።

ችቦው የሚለኮሰው በመሐሉ ደረቅ ቅርፊትና ስንጥር በመጨመር እንጂ ቤንዚን በማፍሰስ አይደለም። ፍንጣሪ ስለሚረጭ ከድንኳንና ከደረቅ ሣር መራቅ፣ ውኃም በቅርብ መኖር አለበት። በቤት ውስጥ ማንደድ ለሕይወት አስጊ ነው።

በስዊድን ድርቅ ሲኖር እሳት ማንደድ በአካባቢው ሊከለከል ስለሚችል፣ ከመለኮስ በፊት የማዘጋጃ ቤቱን ማስታወቂያ መመልከት ይገባል። ማንኛውም ሰው በደን የመዘዋወር መብት ቢኖረውም የቆመም ሆነ የወደቀ ዛፍ ለመቁረጥ ባለይዞታውን ማስፈቀድ ግዴታ ነው።