ጠንካራ የኋላ አክስል ስንመርጥ ከሞተሩ በፊት ጎማውን እንጠይቅ

የሞተርን ጉልበት መጨመር ዛሬ እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። ቱርቦ ይገጠማል፣ የነዳጅ አሰጣጡ ይስተካከላል፣ 300 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 600 ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ግን የአሜሪካን የመኪና አፍቃሪዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው፤ የኋላ አክስሉ ይህን ሁሉ ይችለዋል ወይ? ካልቻለስ በምን ይተካ? ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ሞተርህ ስንት ፈረስ ነው?» ተብሎ ይጀመራል። ጥያቄው ከተሳሳተ ጫፍ የተነሣ ይመስለኛል። አክስል ላይ የሚያርፈውን ጫና በመጀመሪያ የሚወስነው ጎማው ነው፤ ቀጥሎ የመኪናው ክብደትና የካምቢዮው ዓይነት ይመጣሉ። የሞተሩ ጉልበት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ነው።

የኋላ አክስል ስንል እንደ ካማሮና ሙስታንግ ባሉ የቆዩ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከግራ ወደ ቀኝ የሚያያይዘውን ወጥ የብረት ቤት ማለታችን ነው። መሐሉ ላይ ዲፈረንሻሉ ተቀምጧል። ከካምቢዮው የሚመጣው ረጅም ዘንግ ፒኞን የሚባለውን ትንሽ ጥርስ ያዞራል፤ ፒኞኑ ደግሞ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ክብ ጥርስ ይነዳል። ከዚያ ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት ዘንጎች ጎማዎቹን ያሽከረክራሉ። እዚህ ቦታ ላይ የኃይሉ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ፍጥነቱ ይቀንስና በምትኩ የመጠምዘዝ ኃይሉ ይባዛል። ሜካኒኮች አክስልን በኮሮናው ስፋት መጥራት የለመዱት ጫናው ሁሉ በዚያ ጥርስ ላይ ስለሚያልፍ ነው።

የ1998ቱን ሸቭሮሌት ካማሮ ዚ28 ለምሳሌ እንውሰድ። ሞተሩ 305 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ 454 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ባለ ስድስት ማርሹ ካምቢዮ በአንደኛ ማርሽ ይህን በ2.66 ያባዛዋል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በ3.42። ውጤቱ ወደ 4100 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን እንዲሸከም ፋብሪካው የገጠመለት አክስል ኮሮናው 7.625 ኢንች፣ ማለትም ከ20 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። አሁን ሒሳቡን ከመሬት በኩል እንየው። መኪናው ከ1500 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል የኋላ ጎማዎቹ ላይ 870 ኪሎ ያህል ያርፋል። ተራ የመንገድ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ መቆንጠጥ የሚችለው የተጫነበትን ክብደት ያህል ወይም ትንሽ ያነሰ ነው። ይህን በጎማው ራዲየስ ብናባዛ የምናገኘው 2500 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲመጣ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ አክስሉ ሊሸከመው የሚገባ ተጨማሪ ጫና አይፈጠርም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። የዚህኑ መኪና ሞተር ወደ 610 የፈረስ ጉልበት ብናሳድገውና ጎማውን ባንቀይር፣ ከቆመበት ሲነሣ አክስሉ የሚያየው ጫና እዚያው 2500 አካባቢ ይቀራል፤ የጨመረው ጭሱ ነው። በተቃራኒው ሞተሩን ሳንነካ ለድራግ ውድድር የተሠራ ለስላሳና ተጣባቂ ጎማ ብንገጥምለት፣ ጎማው የሚቆነጥጠው ከ4500 ኒውተን ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ የሞተሩ 4100 በሙሉ፣ አንዳች ሳይባክን፣ በዚያች 7.625 ኢንች ኮሮና ላይ ያልፋል። ባለ 305 ፈረስ ጉልበቱ መኪና አክስሉን ሲሰብር ባለ 600ው ሳይሰብር ሊቆይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ጎማው ገደብ ከሆነ፣ በተራ ጎማ የሚነዱ መኪኖች አክስላቸው ለምን ይሰበራል? ብዙውን ጊዜ ሰባሪው የጎማው መዝለል ነው። ጎማው ይቆነጥጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይቆነጥጣል፤ ይህ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ሲሆን እያንዳንዱ መያዝ በጥርሶቹና በዘንጎቹ ላይ ከባድ ምት ነው። ከላይ ያለው ሒሳብ ኃይሉ ሳይቆራረጥ ሲመጣ የሚሠራ ነው፤ ምት ሲጨመርበት ቁጥሩ ለቅጽበት ከፍ ይላል። ነገር ግን የዚህ ችግር መድኃኒት ትልቅ አክስል አይደለም። አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያይዙት ክንዶች፣ ጎሚኒዎቹና አሞርዛተሮቹ ሲታደሱ መዝለሉ ይቀንሳል፣ ምቱም አብሮ ይቀንሳል። መዝለሉን ሳያስተካክሉ አክስል መቀየር ስብራቱን ወደ ቀጣዩ ደካማ ክፍል ማዛወር ነው።

የምት ነገር ከተነሣ፣ ለካምቢዮው ዓይነት ትልቅ ክብደት የምሰጥበትን ማስረጃ ከፋብሪካ ታሪክ ማቅረብ እችላለሁ። በ1970 ክራይስለር ባለ 425 ፈረስ ጉልበቱን ሔሚ ሞተር በፕሊመዝ ኩዳ ላይ ሲገጥም፣ ባለ አራት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ለታዘዘው መኪና ዳና 60 የተባለውን አክስል ሰጠው፤ ኮሮናው 9.75 ኢንች የሆነ፣ በጭነት መኪኖች ላይ የሚታወቅ ከባድ አክስል። ያው ሞተር ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ሲታዘዝ ግን በመደበኛነት የሚመጣው አነስተኛው ባለ 8.75 ኢንች ነበር። የፈረስ ጉልበቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ፍሪሲዮን ላይ ነው። ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ በፍጥነት የሚሽከረከረው ቮላኖ ያጠራቀመውን ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ የአውቶማቲኩ ዘይት ግን ምቱን ያለሰልሰዋል። የፋብሪካው መሐንዲሶች አክስሉን በፈረስ ጉልበት ብቻ አልመረጡም።

እንግዲህ ጎማው ተጣባቂ፣ ካምቢዮው ማንዋል ከሆነና የፋብሪካው አክስል በእርግጥ ካነሰ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ፎርድ 9 ኢንች ነው። ስሙን ያገኘው በብዙ መልካም ምክንያት ነው። ፎርድ በ1957 ሞዴል መኪኖቹ ላይ ማውጣት ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በመኪናና በፒክአፕ ላይ ሲገጥመው ኖሯል። በአብዛኞቹ ሌሎች አክስሎች ላይ ፒኞኑ ከፊት በኩል ባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ብቻ ተይዞ ጥርሱ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ጫና ሲበዛ ፒኞኑና ኮሮናው እርስ በርስ ይገፋፉና ጥርሶቹ በትክክል መግጠማቸውን ያጣሉ። በፎርድ 9 ኢንች ላይ ግን ከጥርሱ ጀርባ ሦስተኛ ኩሽኔታ አለ፤ ፒኞኑ ከሁለቱም ወገን ስለተደገፈ አይሸሽም። በተጨማሪ ፒኞኑ ከኮሮናው መሐል 2.38 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ በአንድ ጊዜ ብዙ የጥርስ ገጽ ይነካካል፣ ጫናውም ይከፋፈላል። ለሜካኒክ ደግሞ ከሁሉ የሚጥመው ሌላ ነው፤ የዲፈረንሻሉ መሐል በቡሎን የታሰረ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከፊት በኩል ይወጣል። ጥርሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መለካትና ማስተካከል፣ ሌላ ጥምርታ ያለው ተዘጋጅቶ ከተቀመጠም ውድድር ቦታ ላይ መቀያየር ይቻላል። በናስካር ዋናው ውድድር የፎርድም፣ የሸቭሮሌትም፣ የቶዮታም መኪኖች እስከ 2021 ድረስ በዚህ ንድፍ ላይ በተመሠረተ አክስል ይሮጡ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ለምን ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ትልቁን ገዝቶ አይገላገልም?» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፣ ከሁሉም ጠንካራው እርሱ ይመስለኛል። መልሱ ጥንካሬ በነጻ አይገኝም ነው። ያ ጥሩ የተባለው የፒኞን ዝቅታ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይበልጥ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል፤ መንሸራተት ሙቀት ነው፣ ሙቀት ደግሞ ወደ ጎማው ያልደረሰ ጉልበት ነው። ዳና 60 በዚህ በኩል ይሻላል፤ ነገር ግን በጣም ከባድ ነው፣ ክብደቱም ሞላው የማይሸከመው፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚነሣና የሚወድቅ ክብደት ነው። በጎርባጣ መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን ተከትሎ እንዳይሄድ ያደርገዋል። የመገጣጠሙ ጣጣም አለ። ከ1982 እስከ 2002 የተሠሩት ካማሮዎች ዲፈረንሻሉን ከካምቢዮው ጋር የሚያይዝ ረጅም ክንድ አላቸው፤ ባለ 9 ኢንቹ ሲገጠም ለዚህ ክንድ አዲስ መያዣ መሥራት፣ ኤቢኤስ ፍሬን ካለው ለሴንሰሩ ቦታ ማግኘት፣ የፍሬን መስመሩን መቀየር ይጠይቃል። በየቀኑ ሥራ ለሚሄድበትና በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚወዳደርበት ሰው ይህ ወጪ የማይመለስ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፎርድ 8.8 ኢንች የተሻለ ምርጫ ነው። ከ1986 ጀምሮ በባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሙስታንግ ላይ የገባ አክስል ነው፤ ከ1995 እስከ 2001 ከተሠሩት ፎርድ ኤክስፕሎረሮች የሚወጣው ደግሞ የዲስክ ፍሬንና ባለ 31 ጥርስ ዘንግ ይዞ ይመጣል። ጥርስ የምለው ዘንጉ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዘንጉ ይወፍራል። የዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በሦስተኛው ርቢ ነው የሚያድገው። ባለ 28 ጥርሱ 30.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 31ዱ ከሦስት ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ጭማሪ በሢሶ ያህል ይጠነክራል፤ 38 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ባለ 35ቱ ደግሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከኮሮናው ስፋት ይልቅ የዘንጉን ውፍረት መጠየቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ መልስ ይሰጣል። በተለይ ሁለቱን ጎማ የሚቆልፍ ዲፈረንሻል ላለው መኪና ይህ ወሳኝ ነው፤ አንዱ ጎማ መቆንጠጥ ሲያቅተው ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ዘንግ ላይ ይወድቃልና።

አንድ ነገር ግን ከዋጋና ከክብደት ጋር አይደራደርም። በ8.8ም፣ በካማሮውም አክስል ዘንጉን የሚይዘው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለች የግማሽ ቀለበት ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ናት። ዘንጉ ከተሰበረ ጎማው ከነቁራጩ ከመኪናው ሊወጣ ይችላል። በፎርድ 9 ኢንች ላይ ዘንጉ በውጭው ጫፍ በኩሽኔታውና በቡሎን በታሰረ ሳህን ስለሚያዝ ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታው ላይ ይቆያል። የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር ሩብ ማይሉን ከ11 ሰከንድ በታች በሚጨርሱ መኪኖች ላይ የተጠናከረ ዘንግና እንዲህ ያለ መያዣ ግዴታ ያደረገው የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ነው። 8.8ን ለውድድር የሚያዘጋጅ ሰው መያዣውን መቀየር አለበት፤ ይህን መዝለል ቁጠባ አይባልም።

ስለዚህ መኪናችሁን ለባለሙያ ከመስጠታችሁ በፊት ከሞተሩ ቁጥር ቀድማችሁ የምትገጥሙትን ጎማ፣ የመኪናውን ክብደትና የካምቢዮውን ዓይነት ንገሩት። ተራ የመንገድ ጎማ ከሆነ የፋብሪካውን አክስል በአዲስ ኩሽኔታና በጤናማ ክንዶች አቆዩት፤ ገንዘቡን ለፍሬን አውሉት። አልፎ አልፎ ተጣባቂ ጎማ የሚገጠም ከሆነ ባለ 31 ጥርስ 8.8 ከተቀየረ የዘንግ መያዣ ጋር ይበቃል። በተጣባቂ ጎማና በማንዋል ካምቢዮ ዘወትር የሚወዳደር ሰው ባለ 35 ጥርስ ዘንግ ያለውን ፎርድ 9 ኢንች ይግዛ። ዳና 60 ደግሞ መኪናው በጣም ለከበደበት ሰው ይቅር።